የሯጭ ገንዘብና የቤተ ሰብ ሒሳብ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደ ተባለ፥ ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ዐምዳችን የምናቀርበውን ነገር ከተነሣበት ጀምረን እንነግራችኋለን።

በሰቆጣ ከተማ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ላይ ሳለን፥ አንድ ማለዳ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከጋቢያቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው፥ «ልጄ፥ ይህን አንብብልኝ፤ ከልጆቼ የትኛው እንደሚረታ ንገረኝ» አሉን። ገልጠን ብናየው የክስ ማመልከቻ ሆኖ አገኘነው፤ ከሳሹ ታናሽ ልጃቸው፥ ተከሳሹም ታላቅ ልጃቸው ነበረ። የተካሰሱበትም በከተማው ውስጥ ያለ አንድ ቆርቆሮ ቤት ነው። እኛም፥ «አባቴ፥ የሚፈርደው ዳኛው ነው እንጂ ጸሐፊው አይደለም፤ ነገሩን ግን ይንገሩን» ብለን ወንበር ሰጠናቸው።

የነገሩን ቃል በአጭሩ ይህ ነው። ታናሹ ልጅ በደጋው ላይ ከብት ሲጠብቅ ያደገ፥ በትምህርት ቤት ውድድር ሁሉ የሚቀድም ልጅ ነበረ። ሰዎችም፥ «ይህ ልጅ ሯጭ ሆኖ ቤታችሁን ያቀናል» ስላሉ፥ አባትየው አንድ ጥማድ በሬ ሸጠው በወልድያ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሰደዱት። ሁለት ዓመት በዘመድ ቤት ተጠግቶ ተለማመደ፤ በሦስተኛው ዓመት ከአንድ ክለብ ገብቶ የወር ደመወዝ ተቆረጠለት። ከዚያም ወኪል አግኝቶ ሦስት ጊዜ ወደ ውጭ አገር ሄደ፤ በአንዱ ውድድር ሁለተኛ ወጥቶ ያገኘውን ገንዘብ ቤት ይገዛበት ዘንድ ለታላቅ ወንድሙ ላከለት። ባለገንዘቡ በስፍራው ስላልነበረ የቤቱ ካርታ በታላቁ ስም ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የሯጩ የተረከዝ ጅማት ታመመ፤ ክለቡም ውሉን ሳያድስለት ቀረ። ወደ አገሩ ተመልሶ መታከሚያ እንዲሆነኝ ቤቱን ልሽጥ ቢል፥ ወንድሙ፥ «ካርታው በእኔ ስም ነው፤ አንተ ስትሮጥ አባታችንንና እናታችንን የጦርሁም እኔ ነኝ» ብሎ መለሰለት።

ሽማግሌው ይህን ነግረውን ሲያበቁ፥ «በሬዎቼን ሸጥሁ፤ አሁን በሬም የለኝ፥ ልጆቼም አይነጋገሩም» አሉን። እኛም ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ሯጭ ገንዘብ ያለን አሳብ ተለወጠ፤ ሌላውም ወላጅ አስቀድሞ ያስብበት ዘንድ ይህን ለመጻፍ ተነሣን።

የአገራችን ሰው ሯጭን የሚያየው በድሉ ቀን ነው። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በባዶ እግሩ ሮጦ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ፈጸመ፤ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶክዮ ድሉን ደገመው። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የነበረው ደንብ ሯጭ በሩጫው ገንዘብ እንዲቀበል አይፈቅድም ነበር፤ አበበም የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበርና እንጀራው ከወታደርነቱ የሚገኝ ነው። በ1955 ዓ.ም. ከማሞ ወልዴ ጋራ በቦስቶን ሮጦ አምስተኛ ሲወጣ፥ በዚያ ውድድር ለአሸናፊው ስንኳ የሚከፈል ገንዘብ አልነበረም፤ በ1889 ዓ.ም. የተጀመረው የቦስቶን ማራቶን የገንዘብ ሽልማት መስጠት የጀመረው በ1978 ዓ.ም. ነውና። አበበ በመጋቢት ወር 1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ሆኑ፤ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመት ዕድሜው ዐረፈ። ዓለም ያደነቀው እግር በአንድ ሌሊት ከሥራ ሊወጣ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

ዛሬ ግን ዘመኑ ተለውጦ ሩጫ እንጀራ ሆኗል። ቦስቶን በቅርብ ዓመታት ለአንደኛው 150,000 የአሜሪካ ዶላር ሰጥቷል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. በቡዳፔስት በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ለአንደኛ 70,000፥ ለሁለተኛ 35,000፥ ለሦስተኛ 22,000 ዶላር ተከፍሏል። ወላጅ ይህን ሲሰማ ልቡ ይነሣሣል፤ ነገር ግን ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳይሆን የቀረውን ቍጥር ደግሞ ይስማ። በዚያው ሻምፒዮና ስምንተኛው 5,000 ዶላር ሲያገኝ ዘጠነኛው ምንም አላገኘም። በ2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሊምፒክ የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ለወርቅ ባለቤቶች 50,000 ዶላር ሲሰጥ፥ ብርና ነሐስ ላገኙት ግን ከዚያ የሚደርስ አልነበረም። በዚያው ውድድር ሲሳይ ለማ ከጥቂት ወራት በፊት ቦስቶንን ያሸነፈ ሆኖ ሳለ በጉዳት ምክንያት ቀረ፤ ተጠባባቂ የነበረው ታምራት ቶላ ተተክቶ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም. ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸነፈ። ለታምራት የተገባው ክብር ነው፤ ከቤተ ሰብ ሒሳብ አንጻር ስናየው ግን አንድ የታመመ ጅማት የአንዱን እንጀራ ለሌላው እንደሚያሳልፍ ያስተምረናል።

ደግሞም በጋዜጣ የሚነገረው ገንዘብና በሯጩ እጅ የሚገባው ገንዘብ አንድ አይደለም። አንድ ልጅ በአሜሪካ አገር ሮጦ 10,000 ዶላር አገኘ እንበል። የዚያ አገር መንግሥት ከውጭ አገር ሰው ከመቶ 30 ግብር ስለሚቀንስ 3,000 ይሄዳል። ወኪሉ ብዙ ጊዜ ከመቶ 15 ስለሚወስድ 1,500 ይሄዳል። የቀረው 5,500 ነው። ከዚህም ላይ ዓመቱን ሁሉ የተበደረውን የቤት ኪራይ፥ የልምምድ ጫማ፥ የወጌሻ ዋጋ፥ ለልምምድ ወደ ሱሉልታና ወደ ሰንዳፋ የሚመላለስበትን የመኪና ክፍያ ይቀንስ። ገንዘቡም ቢሆን ወዲያው አይከፈልም፤ የአበረታች መድኃኒት ምርመራው ውጤት እስኪወጣ ድረስ ብዙ ጊዜ ወራት ይቆያል። በዚህ መካከል ወላጆች፥ «ልጃችን አሸነፈ፤ ስለ ምን አይልክልንም?» እያሉ ያዝናሉ፤ ልጁም ያላገኘውን ገንዘብ ከባልንጀራ ተበድሮ ይልካል። ዕዳ የሚጀመረው ከዚህ ነው።

ከዚህም በላይ ስማቸው የማይነገር ብዙዎች አሉ። አሯሯጭ ሆነው እስከ ዘጠና ደቂቃ ሌላውን መርተው ከመንገድ የሚወጡ፥ ከክለብ በሚያገኙት የወር ደመወዝ ብቻ የሚኖሩ፥ ቪዛ ተከልክለው ዓመት የሚያልፍባቸው ከአሸናፊዎቹ እጅግ ይበዛሉ። የኮሮና በሽታ በ2012 ዓ.ም. በዓለም በተሰራጨ ጊዜ የቦስቶን፥ የበርሊን፥ የቺካጎና የኒውዮርክ ማራቶኖች የዚያን ዓመት ውድድራቸውን ሰረዙ፤ በመንገድ ሩጫ የሚተዳደረው ሰው ምንም ጥፋት ሳይኖርበት ገቢው ተቋረጠ። ገበሬ ዝናብ ቢቀርበት ስንኳ ካለፈው ዓመት በጎተራው የሚተርፈው አይጠፋም፤ ሯጭ ግን ጎተራ ካላበጀ ዝናቡ በቀረ ቀን ይራባል።

ወደ አገራችን ወደ ዋግ ስንመለስ ነገሩ ይልቁን ያስጨንቃል። ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ናት፤ ከእርስዋም በላይ ብርዳም ደጋ አለ። ሰዎች የአርሲዋን በቆጂ፥ የነደራርቱ ቱሉንና የነቀነኒሳ በቀለን አገር እያነሡ፥ «የእኛስ ደጋ ከዚያ በምን ያንሳል?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ነገር ግን ደጋ ሳንባ ይሰጣል እንጂ እንጀራ አይሰጥም። መንግሥት በሐምሌ ወር 2007 ዓ.ም. የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማጥፋት ያወጣውን የቃል ኪዳን ሰነድ በሰቆጣ ስም የሰየመው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ አገር የራብን ነገር ጠንቅቆ የሚያውቅ አገር ነውና። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነት ደግሞ በዚሁ ላይ ከብቱንና እህሉን አሳጣው። በእንዲህ ያለ ቤት ጥማድ በሬ መሸጥ ማለት የቤተ ሰቡን ሁሉ ምግብ በአንድ ልጅ እግር ላይ መጫን ነው።

እንግዲህ ልጅ አይሩጥ ማለታችን አይደለም። ሩጫ የአገር ክብር ነው፤ ለብዙዎችም እንጀራ ሆኗል። የምንለው ግን ቤተ ሰብ ሒሳቡን አስቀድሞ ይወቅ ነው።

መጀመሪያ፤ የሚታረስበት በሬ አይሸጥ፤ ልጁም ትምህርቱን ሳያቋርጥ ይሩጥ። እግር ቢደክም ፊደል አይደክምምና።

ሁለተኛ፤ በሯጭ ገንዘብ የሚገዛ ቤትም ሆነ ቦታ በሯጩ በራሱ ስም ይሁን። እርሱ በስፍራው ባይኖር በሕግ ፊት ውክልና ይስጥ እንጂ በወንድም ወይም በአጎት ስም አይግዛ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቍጥር 1195 እንደሚለው፥ የማይንቀሳቀስ ንብረት የምስክር ወረቀት በስሙ የወጣለት ሰው ባለሀብት እንደ ሆነ ይገመታል፤ ይህንንም ግምት ማፍረስ የሚቻልበት መንገድ ጠባብ ነው። በፍርድ ቤት፥ «ወንድሜን አምኜው ነው» የሚል ቃል ምን ያህል ቀላል እንደ ሆነ ስንት ጊዜ አይተናል።

ሦስተኛ፤ ሯጩ ወይም ሯጪቱ ያገቡ እንደ ሆነ፥ በጋብቻ ሳሉ በጥረት የተገኘ ገቢ የባልና የሚስት የጋራ መሆኑን ሁለቱም ይወቁ። እርስዋ በባዕድ አገር ሮጣ ያመጣችውን ባል ብቻውን፥ እርሱም ያመጣውን ሚስት ሳትሰማ ለዘመድ ቢያከፋፍሉ የኋላ ክርክር ነው።

አራተኛ፤ ለቤተ ሰብ የሚላከው ገንዘብ ስጦታ ነው ወይስ አደራ ተብሎ በጽሑፍ ይለይ። ወላጅን የጦረ ልጅም ድካሙ ይቈጠርለት፤ እቤት የቀረውም እንደ ሮጠው ለፍቷልና።

አምስተኛ፤ ባለገንዘብ የሆነ ሯጭ ጉልበቱ ሳይደክም ሌላ ሥራ ይጀምር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በሩጫው ላይ ሳለ ሆቴልና ሌላም ሥራ መሠረተ፤ ከሩጫው በወጣ ጊዜም ሥራው ቆየው። ሁሉ እንደ ኃይሌ ሊሆን አይችልም፤ ነገር ግን አንድ ወፍጮ ወይም አንድ ሱቅ ለብዙ ሰው ይቻላል።

የሁለቱ ወንድማማች ነገር በምን እንዳለቀ ሳንነግራችሁ አንዘጋም። ዳኛው ለሽማግሎች ዕድል ሰጥተው ነገሩ በዕርቅ አለቀ። ታላቁ ቤቱን ይዞ፥ ወላጆቹን የጦረበት ታስቦለት፥ ከቤቱ ዋጋ እኩሌታውን ለታናሹ በየጊዜው ሊከፍል ተስማማ፤ ስምምነቱም በመዝገብ ገባ። እኛ ጽፈን ጨርሰን ልናስፈርም ስንል ሽማግሌው አባት ከኋላ ተነሥተው፥ «ይህ ሁሉ ሒሳብ መልካም ነው፤ የእኔ በሬዎች ግን የት ተጻፉ?» አሉ። በክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዝም አለ፤ ከሳሽም ተከሳሽም ሽማግሎችም እኛም ጸሐፊዎቹ በሬዎቹን አልቈጠርናቸውም ነበርና። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ታናሹ፥ «ከመጀመሪያው ክፍያ ለአባቴ አንድ በሬ ይገዛ፤ ሕክምናው ይቆየኝ» አለ። ታላቁም አንገቱን ደፍቶ፥ «ሁለተኛውን እኔ እገዛለሁ» አለ። ይህም ተጨምሮ ተጻፈ።

የመጀመሪያው በሬ ተገዝቷል፤ ሽማግሌውም ከጎረቤት በሬ ጋራ አቀናጅተው አርሰዋል። ሁለተኛው በሬ ግን ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ አልተገዛም። ልጁን ለሩጫ የሚሰድድ ቤተ ሰብ ሁሉ ሒሳቡን ሲጀምር በመጀመሪያው መስመር ላይ እነዚያን በሬዎች እንዲጽፍ እንመክራለን።