ገንፎ የሚያገነፋላት የሌላት

መቱ ውስጥ አራስ ቤት ባዶ እጅ አይገባም። አንዷ ቅቤ ትይዛለች፣ ሌላዋ ማር፣ ሌላዋ ዱቄት። ሙስሊሙም ጴንጤውም ኦርቶዶክሱም ቤት እንዲሁ ነው። የሚያሳስበኝ ግን ጠያቂ የሚመጣበት ቤት የሌላት ሴት ናት።

ከዓመታት በፊት ሰፈራችን በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ከዲዱ በኩል የመጣች ልጅ ነበረች። ሆዷ ሲገፋ አሠሪዎቿ ልብሷን በፌስታል ቋጥረው ሰጧት። ያስረገዛት ሰው ስልኩን ዘጋ። አባቷን ፈርታ ወደ ቤተሰቧም አልተመለሰችም፤ በሐምሌ ዝናብ ሁለት ሌሊት አንድ የቡና መጋዘን በረንዳ ላይ አደረች። እኔ ራሴ በዚያ በኩል አልፌ አይቻታለሁ፤ የዘበኛው ዘመድ መስላኝ ነበር። አሁንም ይቆጨኛል። በሦስተኛው ቀን ባላቸው የሞቱባቸው አንዲት አሮጊት «ኮቱ፣ ገሊ» (ነይ፣ ግቢ) ብለው ቤታቸው አስገቧት።

እንዲህ ያለችውን ነፍሰ ጡር ሊያስጠጋ ይችል የነበረ፣ ምጥ ሳይመጣ ገብተው የሚሰነብቱበት የእናቶች ማቆያ ቤት በየጤና ጣቢያው ግቢ መሥራት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ወልቂጤ አጠገብ ያለው የአጣጥ ሆስፒታል ይህን የጀመረው ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 እዚያ የተመዘገበው ከ24 ሺህ በላይ ወሊድ ሲጠና፣ ማቆያው ውስጥ ሰንብተው ከወለዱት ዘንድ ሞተው የተወለዱት ሕፃናት ከሺህ 18 ያህል ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ዘንድ ግን 191። በቀጥታ ከሚመጡት ብዙዎቹ ምጡ ከጠናባቸው በኋላ የሚደርሱ ስለሆኑ ልዩነቱ ሁሉ የቤቱ ሥራ ነው አልልም። ቢሆንም እንደ እኛ ላለ አገር፣ ዝናቡ ወራት ለማይለቅበትና ቃሬዛ በሰው ትከሻ ጭቃ ለሚሻገርበት ኢሉባቦር፣ ቀድሞ ደርሶ ማረፍ ነፍስ ነው።

ምጥ ሲዘገይ ምን እንደሚያደርስ ከተማችን ያውቃል። የሐምሊን ፊስቱላ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2010 መቱ የተከፈተው ያለ ምክንያት አይደለም። ከፊስቱላ የዳነች ሴት ዳግም ብታረግዝ በቀዶ ሕክምና መውለድ ስላለባት ቀኗ ሳይደርስ ሆስፒታል አጠገብ መገኘት አለባት። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን ሴቶቹን አክመው መሸኘት ብቻ እንደማይበቃ ስለተረዱ ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ዳርቻ ደስታ መንደርን መሠረቱ፤ እዚያ ቤት አለ፣ ሥራ መማር አለ፣ ሽንት ያልቆመላት ሴት ሳታፍር የምትቀመጥበት ጓደኛ አለ።

የእኛ ማቆያ ቤቶች የተሠሩት ግን ቤተሰብ ላላት ሴት ታስቦ ነው። ስንቅ የሚያቀብል ባል፣ አጠገቧ የምታድር እህት ወይም አማት እንዳለች ይታሰባል። ቤቱ ሲጠቅም አይቻለሁ፤ ገበሬው በቆሎና ቡና ሲያዋጣለትም አይቻለሁ። ይሁንና ሰው የሌላት ልጅ ከወለደች በኋላ ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላ «ጤነኛ ነሽ፣ ሂጂ» ትባላለች። ወዴት? ከወሊድ ማግስት ሕፃን ታቅፋ ወደዚያ በረንዳ? የጥቃት ሰለባዎችን የሚያስጠልለው፣ የቀድሞዋ ዳኛ ማሪያ ሙኒር የመሠረቱት የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር አዲስ አበባንና አዳማን በመሳሰሉ ከተሞች አለ፤ ከመቱ አዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎሜትር ይሆናል።

እኔ የምጠይቀው ትልቅ ሕንጻ አይደለም። ካሉት ማቆያ ቤቶች አንዱ ውስጥ ሁለት ሦስት አልጋ ሰው ለሌላቸው ይለይ፣ አራስነታቸው እስኪያልቅ አይውጡ። የሚያበስልላቸው ሰው ይመደብ፤ እህሉን እኛ እናምጣ። በእነዚያ ሳምንታት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ከልጅቷ አባት ጋር ይነጋገር፤ ሽማግሌ ይላክ፤ ቡና ለቀማም ሆነ ልብስ ስፌት የምትሠራበት ቦታ ይፈለግላት። የአሮጊቷ ቤት ይህን ሁሉ ብቻውን አድርጎታል፤ የልጅቷ አባት የመጡት ልጁ አምስት ወር ሲሞላው፣ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ከተላከባቸው በኋላ ነው።

ልጅቷ አሁን ገበያ ውስጥ በርበሬና ዝንጅብል ትሸጣለች። ልጁ ሁለተኛ ክፍል ገብቷል፤ አሮጊቷን «አኮ»፣ አያቴ፣ ይላቸዋል።