የማይታየው አጥር

ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐ ቤቴ ደገኛ ውሻ መጫወቻ ወይም ጌጥ አይደለም፤ የቤቱ ዘብ ነው። ሌሊት ጅብ በበጎች በረት ዙሪያ ሲያንዣብብ፣ ሌባ ጎተራ ሲዳፈር፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሚነቃው እርሱ ነው። አባወራውም ጋቢውን ተከናንቦ የሚተኛው እርሱን ተማምኖ ነው። በግ ሱፉን ለባናና ለበርኖስ የሚሰጥ፣ ተሸጦም የቤቱን ችግር የሚሸፍን ሀብት ስለሆነ፣ የዚህ ሀብት ጠባቂ ቢወደድና ቢከበር ተገቢ ነው። ይህን የሚክድ ያለ አይመስለኝም።

አከራካሪው ነገር ሌላ ነው። ይኸው ዘብ ጎረቤትን መውጫ መግቢያ ሲያሳጣ፣ መንገደኛን ሲያሳድድ፣ ሕፃናትን ከትምህርት ቤት ሲያስቀር ኀላፊነቱ የማን ነው? «ተጠንቅቆ ማለፍ የአላፊው ፋንታ ነው» የሚሉ አሉ። በእኔ አስተያየት ግን ኀላፊነቱ የባለ ውሻው ነው።

ስለ ውሻው አቤት ሲባል ባለቤቱ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው። «ግድ የለም፣ እለፉ፤ ከዚያች ድንጋይ አይወጣም፤ ይጮኻል እንጂ አይናከስም» ይላል። ሰውዬው ዋሽቶ አይደለም። የውሻውን ጠባይ ከቡችላነቱ ጀምሮ ስለሚያውቅ፣ በእርሱና በውሻው መካከል የጸና ወሰን አለ። ይሁን እንጂ ይህን ወሰን ከሁለቱ በቀር የሚያየው የለም። አላፊው የሚያየው ጥርሱን አግጦ የሚመጣ አውሬ ብቻ ነው። ስለዚህ የባለ ውሻው ቃል የማይታይ አጥር ነው ማለት ይቻላል።

በአንዳንድ የበለጸጉ አገሮች የዚህ ዓይነቱ አጥር በመሣሪያ ይሠራል። በግቢው ወሰን ዙሪያ ሽቦ ከመሬት በታች ይቀበራል፤ በውሻው አንገት ላይም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ይታሰራል። ውሻው ወደ ወሰኑ ሲጠጋ መሣሪያው በድምፅ ያስጠነቅቀዋል፤ አልመለስ ካለ በኤሌክትሪክ ይነዝረዋል። ዘዴው ብልኀት ያለበት ይመስላል። ነገር ግን ባትሪው ካለቀ ወይም ሽቦው ከተበጠሰ አጥሩ የለም። ውሻው በቁጣ ከተነሣ ንዝረቱን ተቋቁሞ ይወጣል። ሕፃን ወይም ሌላ ውሻ ወደ ግቢው እንዳይገባም አይከለክልም። እንግዲህ ያን ያህል የተደከመበት አጥር ይህ ሁሉ ጉድለት ካለበት፣ «አይነካህም» የሚለው ባዶ ቃል ምን ያህል የባሰ እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

እርግጥ ነው፣ የመንዝ ሰው በማይታይ ወሰን መተዳደር ያውቅበታል። በመንዝ ጌራ ምድር የሚገኘው የጓሳ ሣር ምድር ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠበቅ ኖሯል። ሣሩ የሚታጨድበትና ከብቱ የሚሰማራበት ጊዜ በስምምነት ይወሰን ነበር። ሥርዓቱ ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም፣ ነዋሪው ቆይቶ በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ ጥበቃውን ቀጥሏል። ያ ወሰን ያለ ካብ የጸናው ሁሉም ስላወቀውና ስለተስማማበት ነው። የውሻው ወሰን ግን ጎረቤት ያልመከረበት፣ መንገደኛም ያልሰማው ነው። የሁለቱ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱን የሚቀበሉትም አቅመ ደካሞች ናቸው። ጎልማሳው ዱላውን ይዞ ያልፋል። እንስራ ያዘለች ልጃገረድ ግን መሮጥ አትችልም፤ ምርኩዝ የያዙ አሮጊትም ድንጋይ ለማንሣት ጎንበስ ማለት ይቸግራቸዋል። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ስለ ማርያም እያለ ከደጅ ወደ ደጅ የሚዞረው የቆሎ ተማሪማ የውሻን ነገር ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

ከመነከሱ ቁስል የከፋው ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ በሽታ በታመመ እንስሳ ምራቅ አማካይነት ይተላለፋል፤ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ለማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ቀን ሳያሳድር ወደ ሕክምና ጣቢያ ሄዶ ክትባት መጀመር አለበት። የነከሰው ውሻ በጤናው ከሆነ ቶሎ ከመግደል ይልቅ፣ አስሮ 10 ቀን መጠባበቁ እውነቱን ለማወቅ ይረዳል። ውሻን በየጊዜው ማስከተብ ከዚህ ሁሉ ጭንቀት ያድናል። ልቅ ውሻ የሚጎዳው ሰውን ብቻም አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በባሌ ተራሮች ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በርካታ ቀይ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው ይህ እንስሳ በጓሳም ስለሚኖር፣ የመንዝ ባለ ውሻ ነገሩ አይመለከተኝም ሊል አይችልም።

«የታሰረ ውሻ ምን ይጠብቃል?» የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ክርክሩ ፍሬ ነገር አለው። ሁልጊዜ የታሰረ ውሻ ይብስ ተናካሽ ይሆናልና። መፍትሔው ግን ልቅ መተው አይደለም። ሰው በሚተላለፍበት በቀን አስሮ፣ ሌሊት ግቢ ዘግቶ መፍታት ነው። የመንዝ ምድር የድንጋይ ድኻ አይደለም፤ ካቡን ወገብ ከሚደርስበት ከፍ አድርጎ ክቦ፣ በሩን መዝጊያ ማበጀት ከአንድ ደቦ የሚያልፍ ሥራ አይሆንም።

ሕጉም ከዚህ ሐሳብ ጋር ይስማማል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2071፣ እንስሳው በድንገት ከባለቤቱ ቁጥጥር ቢያመልጥ ወይም ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ለደረሰው ጉዳት ኀላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። «አይወጣም ብዬ ነበር» ማለት ከኀላፊነት አያድንም።

ይሁን እንጂ ችሎት የመጀመሪያው ደጅ ሊሆን አይገባውም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባላልና፣ ቅር የተሰኘው ጎረቤት አስቀድሞ በቀን በብርሃን ሄዶ፣ «አያ፣ ልጆቹ በዚህ በኩል ማለፍ አቃታቸው፤ ምን ይሻለናል?» ብሎ ቢጠይቅ ነገሩ ከሥር ሊያልቅ ይችላል። እምቢ ቢባል ሽማግሌ ይቀመጥ፤ ያም ባይሆን ሕግ አለ። መርዝ መጣል ግን በምንም መንገድ የሚደገፍ አይደለም፤ መርዝ የማንን ውሻና የማንን እንስሳ እንደሚገድል አይለይም፤ የሁለት ቤት ቂምም ያተርፋል።

በአጠቃላይ ውሻ መያዝ መብት ነው፤ ውሻውን መግታትም ከመብቱ ጋር አብሮ የሚመጣ ግዴታ ነው። ጎረቤት በሌላው ሰው ውሻ ጠባይ እንዲተማመን አይገደድም። ባለ ውሻው አጥሩን በልቡ ሳይሆን፣ ሁሉ በሚያየው በድንጋይ ይክበው።