ጨረታው በአደባባይ፣ ምደባው በጓዳ

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። አዲስ አበባ ውስጥ ግን የሊዝ ጨረታ ያሸነፈ ሰው «ተከራየሁ» ሲል የሰማ የለም፤ «ቦታ ገዛሁ» ነው የሚለው። ደላላውም የሚያውቀው ይህንኑ ቋንቋ ነው። የከተማ መሬት በሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ በ1986 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሊዝ አዋጅ ሲወጣ ደግሞ ባለመሬቱ መንግሥት ገበያ ወጣ።

በጨረታ ቀን ገበያተኛነቱ ያምርበታል። ማስታወቂያው በአዲስ ልሳን ጋዜጣ ይወጣል፤ ስፋቱ፣ አገልግሎቱ፣ መነሻ ዋጋው ይዘረዘራል። ተጫራቹ ሰነድ ገዝቶ፣ ማስያዣ አሲዞ፣ ዋጋውን ያስገባል። ጨረታው በይፋ ይከፈታል። ማን ስንት እንደጠራ ሁሉም ይሰማል፤ የተበለጠውም ማን እንደበለጠው አውቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ጨረታው እንከን የለውም ማለት ግን አይደለም። በ2007 ዓ.ም. አካባቢ መርካቶ ውስጥ ለአንድ ካሬ ሜትር ከ300 ሺሕ ብር በላይ ተጠርቶ ከተማው ጉድ ብሎ ነበር። ነገሩ የሚፈታው አከፋፈሉ ሲታይ ነው። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ዋጋ ከ10 በመቶ እንዳያንስ ሲደነግግ፣ ቀሪው በየዓመቱ እንዲከፈል ፈቀደ። በዚህ ሒሳብ 200 ካሬ ቦታ በ300 ሺሕ ብር ሲባዛ 60 ሚሊዮን ብር ይሆናል፤ ለጅማሬ የሚያስፈልገው ግን 6 ሚሊዮን ነው። ብር ከዓመት ዓመት አቅሙ በሚሸረሸርበት አገር፣ ወለድ ቢታከልበትም እንኳ፣ አፍን ሞልቶ መጥራት ብዙም አያስፈራም።

ይህ ሁሉ ግን የሚታይ ጉድለት ነው፤ ጋዜጠኛ ይጽፈዋል፣ ተጫራች ይሟገትበታል። ከተማው አጥብቆ መጠየቅ ያለበት ስለ ሁለተኛው በር ነው። ያው አዋጅ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች፣ ለአምልኮ ቦታዎች፣ ለኤምባሲዎች፣ ለአምራች ኢንዱስትሪዎች እንዲሁም «ልዩ አገራዊ ፋይዳ» ላላቸው ፕሮጀክቶች መሬት ያለ ጨረታ በምደባ እንዲሰጥ ፈቅዷል። የመጨረሻዎቹ በከንቲባው ታይተው ለካቢኔ እንዲቀርቡ ደንግጓል። ትምህርት ቤት ከሆቴል ጋር ዋጋ ይጫረት የሚል ሰው አይኖርምና ምደባ በራሱ ነውር አይደለም። ነውሩ መዝገቡ ተዘግቶ ሲቀመጥ ነው።

ምደባ ለአዲስ አበባ እንግዳ ነገርም አይደለም። ከተማዋ የተቆረቆረችው ለመኳንንቱ በተሰጠ ሠፈር ነው፤ ራስ ብሩ ሠፈር፣ ደጃች ውቤ ሠፈር ዛሬም በታክሲ ረዳት አፍ ይጠራሉ። የዚያን ጊዜ ተመዳቢ ቢያንስ ስሙን ቦታው ላይ ትቶ ሄዷል።

ወደ ዛሬው ስንመጣ ለገሐር አለ። ኅዳር 2011 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው ፕሮጀክት በአሮጌው ባቡር ጣቢያ ዙሪያ 36 ሄክታር ይዟል። መሬቱ ለአቡዳቢው ኢግል ሂልስ የደረሰው በጨረታ ተወዳድሮ ሳይሆን በስምምነት ነው፤ መንግሥትም የ27 በመቶ ድርሻ እንደሚኖረው ተነገረ። ድርሻው ከአንድ ጊዜ የሊዝ ገንዘብ የተሻለ ገቢ ሊያመጣ ይችል ይሆናል። ቢሆንም 27 በመቶ እንጂ ለምን 35 ወይም 20 እንዳልሆነ፣ መሬቱ በካሬ ስንት ተተምኖ እዚያ ቁጥር ላይ እንደተደረሰ፣ የከተማው ነዋሪ ቁጭ ብሎ ሊያነበው ይገባል። የተሰጠው የእሱ መሬት ነውና።

መዝገብ ሲላላ ምን እንደሚመጣ የከተማ አስተዳደሩ ራሱ ተናግሯል። ጥር 2013 ዓ.ም. ይፋ በሆነው ጥናት ከ1,300 ሄክታር በላይ መሬት በሕገ ወጥ መንገድ ተይዞ መገኘቱን፣ 322 ሕንፃዎችም ባለቤታቸው አለመታወቁን አስታወቀ። መሬቱ ብቻ የለገሐርን ያህል ስፋት ያላቸው ከ35 በላይ ቦታዎች ማለት ነው። ፎቅ ቆሞ ባለቤቱ የማይታወቅበት ከተማ፣ ባዶ ቦታውንማ እንዴት ይቆጣጠረው?

ለጨረታ የሚሠራው ሥርዓት ለምደባም ሊሠራ ይችላል። ለማን፣ የት ክፍለ ከተማ፣ ስንት ካሬ፣ ለምን ተግባር፣ በምን ዋጋ፣ እስከ መቼ ሊገነባ እንደተሰጠ፣ ካቢኔው በወሰነ በወሩ እዚያው አዲስ ልሳን ላይ ይውጣ። ከሁለት ዓመት በኋላም ተገነባ ወይስ በቆርቆሮ እንደታጠረ ቀረ የሚለው ይታከልበት። ያኔ የአጥሩ ጎረቤት ስለ ቦታው ባለቤት ለመጠየቅ ደላላ ፍለጋ አይሄድም።