አሰልጣኙ እስከ ሰኔ ይቆይ

እሁድ ማለዳ ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ግቢ ውስጥ ዳገቱን ስወጣ የሰፈራችን የቅርጫት ኳስ ቡድን ልጆች እየሮጡ አለፉኝ። ቅዳሜ ማታ ተሸንፈዋል፤ በተከታታይ አምስተኛቸው ነው። አሰልጣኙ ከሁሉም ኋላ ነበር። ወደ ኋላ የቀረውን ልጅ ጀርባ በመዳፉ ደገፍ አድርጎ "በአፍንጫህ ተንፍስ፣ አይዞህ" ይለዋል። በዚያ ብርድ ማለዳ ና ብሎ ያዘዘው ሰው የለም።

ማክሰኞ ኮሚቴያችን ይሰበሰባል። አጀንዳው አንድ ነው፤ አሰልጣኙ አሁን ይሰናበት ወይስ ሰኔ ላይ ውድድሩ እስኪያልቅ ይቆይ? እኔ ይቆይ ባይ ነኝ።

ይሰናበት የሚሉት ወዳጆቼ ክሊቭላንድን ይጠቅሳሉ። እውነት ነው፣ የአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ቡድን ክሊቭላንድ ካቫሊየርስ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አሰልጣኙን ዴቪድ ብላትን አሰናብቶ ታይሮን ሉን ሾመ፤ በዚያው ውድድር ዘመንም ዋንጫ በላ። ግን ብላት ሲባረር ቡድኑ ከ41 ጨዋታ 30ውን አሸንፎ ነበር፤ ሌብሮን ጄምስም ነበረው። ተተኪውም ምክትሉ ነበር፣ ተጫዋቾቹን ከነጠባያቸው ያውቃል። የእኛ ተተኪ ማን ነው ብዬ ስጠይቅ "ይፈለጋል" ተባልኩ። ማያሚ ሂት ደግሞ በ2010 መጨረሻ 9 አሸንፎ 8 ሲሸነፍ አሰልጣኙ ኤሪክ ስፖልስትራ ይነሳ ተብሎ ነበር። የቡድኑ ፕሬዚዳንት ፓት ራይሊ አልነካውም፤ በ2012 እና በ2013 ሻምፒዮን ሆኑ።

የሩቁ ይቅር፣ የራሳችን አለ። የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን አሰልጣኝ የነበሩት ሰውነት ቢሻው ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አበቁን፤ ለዓለም ዋንጫም የመጨረሻው በር ላይ አድርሰውን ናይጄሪያ መለሰችን። ከዚያ በአፍሪካ አገራት ሻምፒዮና (ቻን) ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2014 ተሰናበቱ። ያኔ "ይበቃቸዋል" ካሉት አንዱ ነበርኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ፣ በዓመቱ ሄዱ። ዮሐንስ ሣህሌ ተተኩ፣ በ2016 አልጄሪያ 7ለ1 ከረታችን በኋላ ብዙ አልቆዩም። ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው በጥር 2022 ካሜሩን ላይ ነው፤ በመሃሉ ሦስት አምልጦናል።

በእርግጥ ያንን ማጣሪያ የጨረሱት ውበቱ አባተም አብርሃም መብራቱን የተኩት በመሃል ነው። አልክደውም። ነገር ግን ያን ጊዜ ኮሮና ማጣሪያውን ለአንድ ዓመት ያህል አቁሞት ስለነበር አዲሱ አሰልጣኝ ተጫዋቾቹን ለማየት ጊዜ አግኝተዋል። እኛ በየሳምንቱ እንጫወታለን። አዲስ ሰው መጥቶ የመከላከል አሰላለፉን ቢለውጥ፣ ልጆቹ አንዱን ሳይረሱ ሌላውን ሳይለምዱ ሰኔ ይደርሳል።

ደግሞስ የምንሸነፈው በምን ሆኖ ነው? ቅዳሜ ማስታወሻ ይዤ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ። 22 ፍሪ ስሮው አግኝተን ያገባነው 9 ነው፤ የተሸነፍነው በ6 ነጥብ። ፍሪ ስሮው የሚገባው በልምምድ ነው፤ እጅ ደጋግሞ ደጋግሞ ካልወረወረ አይለምድም። እኛ ለልጆቹ የተከራየንላቸው ሜዳ በሳምንት አንድ ቀን፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው። ኳሱም ሁለት ነው። አንዱ ሲወረውር አምስቱ እጃቸውን አጣጥፈው ቆመው ያያሉ። ይህንን የወሰነው አሰልጣኙ አይደለም፣ እኛ ነን።

ልጆቹን የሚሰድብ፣ በዝምድና የሚያሰልፍ፣ የሚመታ ቢሆን ኖሮ ማክሰኞንም አልጠብቅም ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በውድድር መሃልም፣ በጨዋታ መሃልም ይውጣ። ይሄኛው ግን ልጆቹ "ኮች" እያሉ እቤቱ ድረስ የሚሄዱለት ሰው ነው። አምስት ጊዜ ተሸንፈውም እሁድ አንድም አልቀረም።

ስመለስ ችግኝ ጣቢያው ጋ ቆም አልኩ። ከጽድ ችግኞቹ አንዱን ወስጄ ግቢዬ ብተክለው ብዬ ጠየቅኩ። ችግኞቹን ውሃ የምታጠጣው ልጅ "ጋሼ፣ አሁን በበጋ ከነቀሉት ይሞትብዎታል፣ ክረምት ይግባና ይምጡ" አለችኝ።

ማክሰኞ ድምፄን ብቻ ይዤ አልሄድም። ሜዳው በሳምንት ሦስት ቀን ይከራይ፣ ስድስት ኳስ ይገዛ እላለሁ፤ የሁለቱን ዋጋ እኔ እከፍላለሁ። ሰኔ ላይ ከአሰልጣኙ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠን እንነጋገር።