ሪፖርት ላይ የማትገባው ተርብ

ስለ መጤው ተምች የተሠሩ ዜናዎችን መለስ ብላችሁ አንብቡ። ቁጥሩ በአብዛኛው የኬሚካል ነው፦ ይህን ያህል ሊትር ተሰራጨ፣ ይህን ያህል ሄክታር ተረጨ። ከተምቹ ጋር አብራ ስለምታልቀው ተርብ ግን አንድ መስመር ማግኘት ይከብዳል።

ተርብ ስል የምትናደፈዋን አይደለም። ይቺ ሁለት ሦስት ሚሊ ሜትር ብትሆን ነው፤ ትንኝ መስላችሁ ታልፏታላችሁ። እንቁላሏን ትሉ ገላ ውስጥ ትጥላለች። እጩ ትሉን ከውስጥ እየበላ ያድግና ቆዳውን ቀዶ ይወጣል። ትሉ በዚያው ያበቃለታል።

መጤው ተምች በ2017 (እ.ኤ.አ.) በቆሏችን ላይ ሲወርድ ኮቴሲያ አይሲፔ የምትባለው ተርብ ማንም ሳይልካት ተነሳችበት። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ውስጥ ከማሳ ተሰብስበው ከተመረመሩት ትሎች፣ እንደየቦታው ከ33 እስከ 45 በመቶ የሚሆኑት በእሷ ተይዘው ተገኝተዋል። ጠላቱ ከአሜሪካ መጣ፤ ተከላካይዋ ግን እዚሁ ነበረች።

ከእስያ የገባውን የአገዳ ቆርቁር እንድትቆጣጠር ከፓኪስታን መጥታ በ1993 ኬንያ ውስጥ የተለቀቀችው እህቷ ኮቴሲያ ፍላቪፐስ ደግሞ፣ እኛ ሳንለቃት ከጥቂት ዓመታት በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኘች። ያለ ቪዛ፣ ያለ በጀት።

እኛ ምን አደረግን? ያገኘነውን ሁሉ የሚገድል መድኃኒት ረጨን። ትሉ ገና ባልተዘረጋው የመሃል ቅጠል ውስጥ ተወሽቆ፣ በራሱ ኩስ ተሸፍኖ ስለሚቀመጥ መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኘውም። ተርቧ ግን ቅጠሉ ላይ ስትመላለስ ታገኘዋለች። ቀድማ የምትሞተው እሷ ናት፤ ከዚያ ሁለተኛ ዙር ርጭት እንፈልጋለን። ኬሚካል ጨረታ አለው፣ አስመጪ አለው፣ ፎቶ የሚነሳበት ርክክብ አለው። ለተርብ ማን ይከራከራል?

ተርብ ብቻዋን ትበቃለች እያልኩ አይደለም። ቡቃያው ግማሽ የተበላበትን ገበሬ «ታገስ» ማለት ቀልድ ነው። ግን ማሳው ሳይታይ፣ ትሉ ሳይቆጠር፣ ቀበሌ ሙሉ በአንድ ቀን የሚረጨው ለምንድነው?

ሌላም አለ። ገበሬው በእጁ የሚለቅመውን ትል ሁሉ ከመጨፍለቅ፣ ጥቂቱን ከቅጠል ጋር ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት በተከደነ ባልዲ ማሳው ዳር ማቆየት ይቻላል። ተርቧ በቀዳዳው ሾልካ ወደ በቆሎው ትመለሳለች፤ የተምቹ የእሳት እራት ግን ስለሚገዝፍ እዚያው ይቀራል። ይህንን ለማሳየት የልማት ጣቢያ ሠራተኛና አንድ ባልዲ ይበቃሉ። የግብርና ቢሮዎችም በሊትርና በሄክታሩ አጠገብ አንድ ዓምድ ይጨምሩ፦ ከመረጨቱ በፊት ከታዩት ትሎች ስንቱ በተርብ ተይዞ ነበር?