ተራድኦን ለሚማሩ ሕፃናት፤ ለጅግጅጋና ለአካባቢዋ ወገኖቼ

ይድረስ በጅግጅጋ፣ በቶጎ ውጫሌ፣ በቀብሪ በያህና በአውበሬ ለምትኖሩ የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፤

በካራማራ ግርጌ ተወልጄ ፊደል የቆጠርሁ፣ ዛሬ በሚኒሶታ የምኖር ወንድማችሁ ስሆን፣ ይህን እንድጽፍ ያስገደደኝ የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎቻችን እርስ በርስ መረዳዳትን የሚማሩበት ሥርዓት ነው።

ጎበዝ ተማሪ የቡድን ጓደኞቹን እንዲረዳ የታሰበው «አንድ ለአምስት» የተባለው አደረጃጀት በየትምህርት ቤቱ ሲዘረጋ ዓላማው መልካም ነበር፤ ዳሩ ግን ጎበዙ ልጅ ደብተሩን ይዞ ብቻውን ሲሠራ፣ የቀሩት አንገታቸውን አስግገው ሲገለብጡ፣ በመጨረሻም ሁሉም እኩል ማርክ ሲቀበሉ፣ ጎበዙ ምሬትን፣ ደካማው ጥገኝነትን ይወርሳል እንጂ የተራድኦን ጥበብ አንዳቸውም አይማሩም። ማኅበር የሚጸናው የእያንዳንዱ ድርሻ ለሌላው ሲያስፈልግ እንደ ሆነ እናንተ ታውቃላችሁ፤ በዕቁብም ሆነ የሶማሌ ወገኖቻችን ሐግባድ በሚሉት አንዱ ቢያስቀር የባለተራው ገንዘብ ይጎድላልና።

ይህ መርህ በመማሪያ ክፍልም እንደሚሠራ የሚያሳይ ምሳሌ አለ፤ በ1971 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በኦስቲን ከተማ፣ በዘር ተለያይተው ይማሩ የነበሩ የጥቁር፣ የነጭና የሜክሲኮ ተወላጅ ልጆች ባንድ ክፍል ተቀምጠው ጠብ በበረታ ጊዜ፣ ኤልየት አሮንሰን የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር አንዱን ትምህርት ከፋፍሎ ለቡድኑ ልጆች በማደል፣ እያንዳንዱ የደረሰውን አጥንቶ ባልንጀሮቹን እንዲያስተምር፣ ፈተናውን ግን ሁሉም በየግሉ እንዲወስድ አደረገ፤ ቀድሞ የተናቀው ልጅ የያዘው ዕውቀት ከሌላ የማይገኝ ስለ ሆነ ጓደኞቹ ያዳምጡት ጀመር።

ይህ ሥርዓት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። የአራተኛ ክፍል መምህር ስለ አካባቢው ሲያስተምር፣ ለአንዱ ልጅ የካራማራን ተራራ፣ ለሁለተኛው የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበትን ብርካ፣ ለሦስተኛው የግመልና የበግ ንግድን፣ ለአራተኛው ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚወስደውን መንገድ ቢሰጥ፣ ከየቡድኑ አንድ ዓይነት ርዕስ የደረሳቸው አስቀድመው ተሰብስበው ቢመካከሩ፣ ኋላም ወደ ቡድናቸው ተመልሰው ቢያስረዱ፣ ብርካን ከአያቱ የሰማ የአርብቶ አደር ልጅ በዚያች ሰዓት መምህር ይሆናል፤ ሶማሊኛና አማርኛ አጣምሮ የሚያውቀውም ጓደኛው ያልገባውን ቃል ይፈታለታል።

የዚህ ልምምድ ጥቅም ከትምህርት ያልፋል፤ በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ የሰው ሕይወት መጥፋቱንና አብያተ ክርስቲያናት መቃጠላቸውን የሰማን ሁሉ የአብሮነት መላላት ምን ያህል መራራ እንደ ሆነ አይተናል። የክፍል ትምህርት ብቻውን የከተማን ሰላም አይጠብቅም፤ ነገር ግን የሌላውን ልጅ ቃል እስከ ፍጻሜው ማድመጥ በልምምድ የሚገኝ ምግባር ነውና፣ ልምምዱ በሕፃንነት ይጀመር ዘንድ እለምናለሁ።

ስለዚህ ርእሳነ መምህራን በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ለዚህ እንዲመድቡ፣ መምህራንም በየወሩ የቡድኑን አባላት እንዲያቀያይሩ፣ በውጭ ያለነውም ለመማሪያ ክፍል ግንባታ እንደምናዋጣ ሁሉ የንባብ ወረቀት የሚባዛበትን ወጪ እንድንሸፍን አሳስባለሁ። እናንተም ወላጆች፣ ልጃችሁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ስንተኛ ወጣህ?» ከምትሉት ጋር «ዛሬ ለጓደኛህ ምን አስረዳኸው? ከእርሱስ ምን ተማርህ?» ብላችሁ ጠይቁት።

አክባሪ ወንድማችሁ፣ ከሚኒሶታ።