የወይና ደጋ ድልና የሱዌዝ ሽንፈት

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ወይና ደጋ ላይ፣ በየካቲት 1543 (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የተደረገው ጦርነት በተነሣ ቁጥር የሚነገረን ዐፄ ገላውዴዎስ ከ400 ፖርቹጋላውያን የተረፉትን አሰልፈው ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂምን ድል መንሣታቸው ነው። እነዚያን 400 ሰዎች ወደ ምጽዋ ያመጣው መርከብ ወዴት ሲሄድ እንደነበር ግን እምብዛም አንጠይቅም። ሲሄድ የነበረው ወደ ሱዌዝ ነው። ባሕር በር እንዴት ከእጃችን እንደወጣ መረዳት የሚሻ ሰው ከወይና ደጋ ድል ይልቅ የሱዌዝን ሽንፈት ቢመረምር ይጠቀማል ብዬ አምናለሁ።

የቫስኮ ዳ ጋማ ልጅ፣ የፖርቹጋል ሕንድ ገዥ ኢስቴቫዎ ዳ ጋማ፣ በ1541 መባቻ ከ70 በላይ መርከቦችና ከ2,000 በላይ ወታደሮች ይዞ ከጎዋ ሲነሣ ዋና ዓላማው ኢትዮጵያን መርዳት አልነበረም። በ1538 ከሱዌዝ የተነሣ የቱርክ ጦር ሕንድ ድረስ ዘልቆ ዲዩ የተባለውን የፖርቹጋል ምሽግ ከብቦ ነበርና፣ እነዚያን መርከቦች ወደባቸው ላይ እንዳሉ ሊያቃጥላቸው ፈለገ። ትልልቅ መርከቦቹን ምጽዋ ላይ ትቶ፣ ሱአኪንን አውድሞ፣ በመቅዘፊያ በሚሄዱ ጥቂት ትንንሽ መርከቦች ብቻ ኤፕሪል መጨረሻ ላይ ሱዌዝ ደረሰ። ወሬው ግን ቀድሞት ነበር። የቱርክ መርከቦች ወደ የብስ ተጎትተው ወጥተዋል፤ መድፉ ተጠምዷል፤ ፈረሰኛው ተሰልፏል። ከጎዋ ድረስ የተደከመለት ዘመቻ አንዲት መርከብ እንኳ ሳያቃጥል ወደ ምጽዋ ተመለሰ።

ዐፄ ልብነ ድንግል በ1535 የላኩት የእርዳታ ጥያቄ ተግባራዊ ምላሽ ያገኘው ከዚህ በኋላ ነው። የገዥው ወንድም ክሪስቶቫዎ ሐምሌ ላይ 400 ነፍጠኞች ይዞ ወደ ደጋው ወጣ፤ ባሕር ነጋሽ ይስሐቅ መንገድ አሳዩት፤ እቴጌ ሰብለ ወንጌልም ከደብረ ዳሞ ወርደው ተቀላቀሉት። እነዚህ ጠመንጃዎች ባይኖሩ ወይና ደጋ አይታሰብም የሚለውን ክርክር አልንቀውም። ነገር ግን በ1542 ወፍላ ላይ፣ ኢማሙ ከየመን ወደ 900 የሚደርሱ የቱርክ ነፍጠኞች ባገኙ ጊዜ፣ ያው ጠመንጃ አልበቃም፤ ክሪስቶቫዎ ተማርኮ አንገቱ ተቀላ። ኢማሙ ከድሉ በኋላ አብዛኞቹን ቱርኮች ባያሰናብቱ፣ ገላውዴዎስም የተረፉትን ፖርቹጋላውያን ከራሳቸው ሠራዊት ጋር አዋሕደው ባይመጡ፣ የጣናው ውጤት ሌላ በሆነ ነበር። የውጭው እርዳታ ፍሬ ያፈራው የራስ ኃይል ባለበት በየብስ ላይ ነው።

በባሕር ላይ ግን የራስ ኃይል አልነበረም። ሱዌዝ ሳይነካ ስለቀረ ቀይ ባሕር ለቱርኮች ክፍት ሆኖ ቆየ፤ ከወይና ደጋ 14 ዓመት በኋላ፣ በ1557፣ ኦዝደሚር ፓሻ ምጽዋን ያዘ። ቱርኮቹ ወደ ደጋው ወጥተው ድባርዋ ላይ ምሽግ ሲሠሩ የይስሐቅ ሰዎች አባረዋቸዋል። ምጽዋ ላይ ግን ደሴቲቱን ለመክበብ ጀልባ፣ ጀልባውን የሚነዳ ሰው ያስፈልግ ነበር። በጦርነት የደቀቀች አገር መርከብ ከየት ታመጣለች የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው፣ ገላውዴዎስን በዚህ መውቀስ ግፍ ነው። የእኔ ነጥብ ግን ሌላ ነው፦ ፖርቹጋል ሱዌዝ ላይ የተዋጋችው ለሕንድ ንግዷ ነበር፤ ስትሸነፍ የጉዳቱን ዋጋ የከፈልነው እኛ ነን።

በ2019 ባሕር ዳር እንደገና የሚቋቋመው ባሕር ኃይል ማዘዣ እንደምትሆን ሲዘገብ፣ ሐይቅ ዳር ባሕር ኃይል ምን ይሠራል ያሉ ነበሩ። መርከበኛ ግን ወደብ እስኪገኝ ተጠብቆ በአንድ ሌሊት የሚፈጠር ሰው አይደለም፤ መካኒኩ፣ የባሕር ካርታ አንባቢው፣ የወደብ ሕግ ዐዋቂው ዓመታት ይፈልጋል። ይህ ወደብን በኃይል ያዙ ማለት አይደለም። 70 መርከብ የነበረው ሰው እንኳ የተዘጋጀ ወደብ ፊት ቆሞ ባዶ እጁን ተመልሷል። የባሕር በር ድርድር ላይ የምንቀመጠው የሌላ አገር መርከቦችን ተማምነን ከሆነ ግን፣ እነዚያ መርከቦች ነገ ወዴት እንደሚቀዝፉ የሚወስነው የእኛ ጥቅም አይሆንም።